በፈለጋችሁት ትከሻ ሰላም በሉኝ፦ ከፔስሜከር በኋላ ስላለው ኑሮ በእድራችን የጤና ቀን የተናገርኩት

(ባለፈው ቅዳሜ እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ በእድራችን የጤና ቀን ላይ የተናገርኩት ነው። ያልመጣችሁ ላክልን ስላላችሁኝ ልጄ ስልኳ ላይ ከቀዳችው ገልብጣ ጽፋዋለች፣ እኔም ብዙ አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ? አልሰማሁም፣ እንደምን ዋላችሁ! እግዚአብሔር ይመስገን። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ እዛ ከኋላ ቆማችሁ ቡናው መቼ ነው የሚደርሰው የምትሉትም ጭምር፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሰብሳቢያችን ሃያ ደቂቃ ነው ያለህ ብሎኛል፣ ግን እኔ የታክሲ ሹፌር ነኝ፣ ሜትር ከከፈትኩ ቶሎ አልዘጋም፣ ስለዚህ ቻሉኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር ያዙልኝ። እኔ ሐኪም አይደለሁም። ከኔ ቀጥላ የምትናገረው ዶክተር ናት፣ የመድኃኒት ጥያቄ ያላችሁ ለሷ አስቀምጡት። እኔ የምነግራችሁ እዚህ ደረቴ ላይ ስላለችው እቃ፣ ልቤን በሰዓቱ እንዲመታ ስለምታደርገው ፔስሜከር ነው፣ ከሷ ጋር እንዴት እንደተለማመድን። ሶስት ነገር አስቤ መጥቻለሁ። አንደኛ እንዴት እንደገባችልኝ፣ ሁለተኛ ከሆስፒታል ወጥቼ ቤት ስገባ የሆነውን፣ ሶስተኛ ወደ ሥራ፣ ወደ ቤተክርስቲያን፣ ወደ ጭፈራ እንዴት እንደተመለስኩ። አዎ ጭፈራ ብያለሁ፣ አትሳቁ።

አንደኛውን ቶሎ ላውራው። 2022 ማርች ላይ ነው፣ ዐቢይ ጾም ገብቷል። ደረጃ ስወጣ ያዞረኛል፣ ከመኪና ስወርድ ዓይኔ ይጨልማል፣ ሳልሠራ ይደክመኛል። ምን አልኩ? ጾም ነው አልኩ። ባለቤቴ ጨጓራህ ነው አለች። አንዱ ጓደኛዬ ነርቭ ነው አለ፣ እህቴ ከአዲስ አበባ ደውላ ብርድ መቶህ ነው አለችኝ። እኛ እኮ አራት በሽታ ነው ያለን፣ ጾም፣ ጨጓራ፣ ነርቭ፣ ብርድ፣ ከዛ ውጪ ያለው ሁሉ የፈረንጅ ነው! አንድ ቀን ደለስ ኤርፖርት ተራ የምንጠብቅበት ቦታ ከልጆቹ ጋር ቆሜ ሳወራ፣ ቡናዬ በእጄ እንዳለ፣ በቃ። ስነቃ አስፋልት ላይ ነኝ፣ ከላይ ስድስት ሰባት ሰው ቆሞ በአማርኛም በትግርኛም ውሃ አምጡ ይባላል፣ ደግነቱ አንዱ ልጅ ውሃውን ትቶ 911 ደውሏል።

ኢመርጀንሲ ክፍል የልብ ምቴ 34 ነው ተባለ። ነርሷ "ሯጭ ነህ እንዴ?" ትለኛለች፣ የሯጮች ልብ ቀስ ብሎ ይመታል አሉ፣ ኢትዮጵያዊ ነኝ ስላልኳት መሰለኝ። እኔ ሯጭ! እኔ እኮ ከመኪናዬ እስከ ሳምቡሳ ቤቱ በመኪና የምሄድ ሰው ነኝ። በኋላ ሐኪሙ ሲያስረዳኝ ሃርት ብሎክ ነው አለኝ። እንደገባኝ ልንገራችሁ። ልባችን የላይ ቤትና የታች ቤት አለው። ምቱን የሚያዘው ላይ ቤት ያለው ነው፣ ይጣራል፣ ታች ያለው ሰምቶ ይመታል። የኔ በመሃል ያለው መልእክተኛ ሞቷል። ላይ ያለው ይጣራል፣ ይጣራል፣ ታች ያለው አይሰማም፣ በራሱ ጊዜ ሲመቸው ይመታል። ፔስሜከር ማለት በቃ አዲስ መልእክተኛ መቅጠር ነው። ከሃያ ሠላሳ ግራም የማትበልጥ እቃ ከአንገት አጥንት ስር ቆዳው ውስጥ ትቀመጣለች፣ ከሷ የሚወጡት ቀጫጭን ሽቦዎች በደም ሥር ገብተው ልብ ውስጥ ይደርሳሉ። ደረቴ አልተከፈተም። ቦታውን ብቻ አደንዝዘውኝ፣ እየሰማሁ፣ እነሱ ስለ ፉትቦል እያወሩ፣ ከአንድ ሰዓት ትንሽ አልፎ አለቀ፣ በማግስቱ ቤቴ ገባሁ። እናቴ በስልክ "ልጄ፣ ልብህን አውጥተው ነው የሠሩት?" ብላ አለቀሰች። አይ እማዬ፣ ባትሪ ነው የጨመሩልኝ አልኳት። "አሁን ደግሞ እንደ ራዲዮ?" አለችኝ።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ። ብዙ ጊዜ የሚያስገቡት በማትሠሩበት እጅ በኩል ነው፣ ስለዚህ አብዛኛው ሰው በግራው ነው ያለው። እኔ ግን ግራኝ ነኝ። እናቴ እጄን እየመታች በቀኝ መብላት አስተምራኛለች፣ ሌላው ሥራዬ ሁሉ ግን በግራ ነው። ስለዚህ የኔ በቀኝ ገባ። ቀኝ ትከሻ። አያችሁ ጣጣው የት እንዳለ? ቆዩ።

ወደ ሁለተኛው ከመግባቴ በፊት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፣ ሆስፒታል ተኝቼ ልጄ ያነበበችልኝ ነው፣ እኔን ያጽናናኝ ከሁሉም እሱ ነው። በዓለም ላይ መጀመሪያ ፔስሜከር የተቀበረለት ሰው ስዊድናዊ ነው፣ አርነ ላርሰን ይባላል፣ 43 ዓመቱ ነበር፣ በቀን ሃያ ሠላሳ ጊዜ ራሱን ይስት ነበር። ሚስቱ ኤልስ ማሪ ሐኪሙንና ኢንጂነሩን ካልሠራችሁለት አልላቀቃችሁም ብላ ወጥራ ያዘቻቸው። እነሱ ገና አልደረስንም፣ ለሰው የሚሆን አልሠራንም ይላሉ፣ እሷ እንግዲያው ሥሩ! 1958 ኦክቶበር 8 ስቶክሆልም ካሮሊንስካ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ ኦከ ሴኒንግ ቀበረለት። ኢንጂነሩ ሩነ ኤልምክቪስት እቃውን ቅርጽ ያወጣለት በምን መሰላችሁ? በጫማ ቀለም ቆርቆሮ! እንደ ፕላስቲክ የሚጠነክር ፈሳሽ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ አፈሰሰው። እኔ ልጅ ሆኜ ፒያሳ ሊስትሮ ሠርቻለሁ፣ ያን ቆርቆሮ በእጄ ስንት ሺህ ጊዜ ከፍቼ ዘግቻለሁ፣ ይሄን ስሰማ አልቅሻለሁ ብላችሁ ታምናላችሁ? የመጀመሪያዋ እቃ የሠራችው ለሰዓታት ብቻ ነው። ቀየሩለት። እሱም ተበላሸ፣ ቀየሩለት። በሕይወቱ 26 ፔስሜከር ቀያየረ። እና መቼ ሞተ? በ2001፣ በ86 ዓመቱ፣ በካንሰር። ሐኪሙንም ኢንጂነሩንም ቀብሮ ነው የሞተው። ሚስት ማለት እንዲህ ናት፣ አጨብጭቡላት እንጂ!

እሺ፣ ሁለተኛው። ቤት ስገባ። ከሁሉም የምፈልገው ይሄን ነው፣ ስልኩን የያዝከው ወንድሜ አስቀምጠውና ስማኝ።

ከሆስፒታል ስወጣ አሥራ አንድ ገጽ ወረቀት ሰጡኝ። አስተርጓሚ ትፈልጋለህ ወይ አሉኝ። እኔ? ሃያ አምስት ዓመት አሜሪካ የኖርኩ፣ ስንት ሴናተር የጫንኩ ሰው! ኖ ቴንኪው አልኩ። ነርሷ ቶሎ ቶሎ ነገረችኝ፣ እኔም የስ የስ አልኩ። የሰማሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ "እጅህን አታንሳ"። ለአራት ለስድስት ሳምንት ክንድህን ከትከሻ በላይ አታንሳ፣ ከ10 ፓውንድ በላይ አትሸከም፣ አዲሶቹ ሽቦዎች ልብ ላይ እስኪያዙ ሊነቀሉ ይችላሉ። ይሄ ልክ ነው። ያልሰማሁት ግን ቀጥሎ ያለውን ነው፣ ከትከሻ በታች ግን እጅህን አንቀሳቅስ፣ አትሰረው፣ ልበስበት፣ ብላበት፣ አወዛውዘው። እሱን ወረቀቱ ላይ ያነበብኩት ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ነው።

እና ምን አደረግኩ? እጄን ጋቢ ውስጥ ከትቼ ደረቴ ላይ አሰርኩት። አምስተኛው ሳምንት ሊገባ ነበር፣ ስድስተኛው፣ ስምንተኛው፣ እኔ እጄን አልፈታም። ባለቤቴም አትንካው ትላለች። ልጆቼ ሻይ በማንኪያ ሊያጠጡኝ ምንም አልቀራቸውም፣ የበላሁት ሁሉ ጉርሻ ነው፣ ቀኝ እጄ እስረኛ ነዋ! እውነቱን ልናገር፣ ደስ ብሎኛልም፣ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዳ ሰው እንዲህ ተቀምጦ ሲጎረስ ደስ ይለዋል። በኋላ ግን ጋቢውን አውልቄ ሸሚዝ ልለብስ ስል እጄ ወደ ኋላ አይሄድም። ወደ ላይ አይሄድም። ትከሻዬ ደረቀ። ፍሮዝን ሾልደር ይሉታል። ሌሊት ጥርስ ያስነክሳል እኮ! ልቤን በአንድ ሰዓት ሠሩት፣ ትከሻዬ ሦስት ወር ፊዚካል ቴራፒ ፈጀ። ሆስፒታሉ አላበላሸኝም፣ ማሽኑም አላበላሸኝም። ፍርሃቴና ኩራቴ ናቸው ያበላሹኝ።

እባካችሁ አስተርጓሚ ጠይቁ! በነፃ ነው፣ መብታችሁ ነው፣ በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ምክንያት ከመንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ሊያቀርብላችሁ ግዴታው ነው። ውለታ አይደለም። ልጃችሁንም አስተርጓሚ አታድርጉት፣ ልጅ አባቱን የሚያስደነግጠውን ቃል ይዘላል፣ የኔዋ ዘልላለች፣ እዚህ ተቀምጣለች፣ አይደል?

የእንግዳውን ነገር ልንገራችሁ። እግዜር ይማርህ ሊል የሚመጣው ሰው! ቤቴ ሦስት ሳምንት ለቅሶ ቤት መሰለ። ፍቅር ነው፣ አልከፋኝም። ግን እኛ ሰላምታችን ምንድን ነው? ቀኝ እጅ ጨብጠን ቀኝ ትከሻ ለቀኝ ትከሻ፣ ጓ! አሁን ገባችሁ? ግራኝ መሆኔ የት እንዳደረሰኝ? የመጀመሪያው ጓደኛዬ ወንድሜ ብሎ ሲገጨኝ ስፌቱ የተተረተረ ነው የመሰለኝ። ከዛ ባለቤቴ በር ላይ ቆማ እንደ ትራፊክ ፖሊስ "በግራ! በግራ!" ትላለች። የታመመ ሰው ልትጠይቁ ስትሄዱ መጀመሪያ ጠይቁ፣ በየት በኩል ነው በሉ። ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት አትቀመጡ።

ቁስሉን በሚመለከት አጭር ነው። እስኪዘጋ ውሃ አይንካው፣ ለኔ አንድ ሳምንት ነው የተባለው። ቅባት አይቀባም። አንዷ እናታችን ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሰው ይዘው መጥተው ነበር፣ እጃቸውን ስሜ በአፌ በላሁት፣ ቁስሉ ላይ ግን አላስነካሁም። ቦታው ከቀላ፣ ካበጠ፣ ከሞቀ፣ ፈሳሽ ካወጣ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ ወይ እንደገና ካዞራችሁ፣ ወይ ስቅታ ይዟችሁ አልለቅ ካለ፣ ነገ እሁድ ነው ሰኞ እደውላለሁ አትበሉ፣ የዛኑ ቀን ደውሉ። ስቅታው ያስቃል አይደል? ግን ሽቦው ቦታውን ለቆ የሆድና የደረት መሃል ያለውን ጡንቻ ሲነካ እንደሱ ያደርጋል ብለውኛል። ጠበልም ጠይቃችሁኝ ነበር፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ ችግር የለውም፣ እቃዋ ታይታኒየም ናት፣ ጥርቅም ተደርጋ የታሸገች ናት፣ መድኃኒታችሁን ግን በጠበል አትተኩ።

ሌላ የማናወራው ነገር፣ ማታ ማታው። ቀን ሰው አለ፣ ማታ ግን አንተና ማሽኗ ብቻ ናችሁ። ጆሮዬን ትራሱ ላይ አድርጌ ልቤን እቆጥራለሁ። ባለቤቴ ተኝታለች ብዬ ሳስብ እጇን አፍንጫዬ ስር ታደርጋለች፣ ይተነፍሳል ወይ ብላ። ሁለታችንም ሳንነጋገር ወር ሙሉ እንቅልፍ አልተኛንም። እኔ ወንድ ነኝ ብዬ ዝም፣ እሷ እንዳላስደነግጠው ብላ ዝም። ቼክአፕ ስሄድ ማሽኗን የምትመረምርልኝ ልጅ እንዴት ነው ስሜትህ ስትለኝ ነው ያፈነዳሁት። ብዙ ሰው እንደዚህ ይሆናል፣ ያልፋል፣ ካላለፈ ንገረን አለችኝ። አለፈ። ግን ማውራቱ ነው ያሳለፈው መሰለኝ።

ሦስተኛ። ሰዓቴን እያየኸኝ ነው ወንድሜ፣ አይቼሃለሁ፣ እየጨረስኩ ነው።

መኪና። ለኔ የተባለኝ የራስህን መኪና ከሳምንት በኋላ፣ ሰው መጫን ከወር በኋላ ነው፣ እናንተ የራሳችሁን ሐኪም ጠይቁ፣ እንደየሰዉ ይለያያል። የሚገርመው ቤልቱ ነው። ሹፌር ከሆንክ ቤልቱ በግራ ትከሻህ ነው የሚወርደው፣ ተሳፋሪ ከሆንክ በቀኝ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ሹፌር ሆኜ አሁን ተሳፋሪ ስሆን ቤልቱ ቁስሌ ላይ! ቤልቱን አትተዉት ታዲያ፣ ፎጣ አጥፋችሁ ከስር አድርጉ። ስልክ ደግሞ የሹፌር ልጆች ስሙኝ፣ የደረት ኪስ ቀርቷል። ማሽኑ ካለበት 15 ሴንቲሜትር ራቅ፣ በሌላኛው ጆሮ አውሩ፣ አንዳንዶቹ አዳዲስ ስልኮች ከኋላቸው ማግኔት አላቸው። ማግኔት ሲጠጋት የልብን ነገር ማዳመጥ ትታ በራሷ ቋሚ ምት መምታት ትጀምራለች፣ ሲርቅ ትመለሳለች።

ወጥ ቤት። ባለቤቴ ማይክሮዌቩን ጋራዥ አስቀምጣው ነበር፣ እንጀራም ስትጋግር ከቤት ታስወጣኝ ነበር፣ ቀዝቃዛ በረንዳ ላይ! ሁለቱም አያስፈልግም። ማይክሮዌቭ ምንም አያደርግም። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን የሚግለው በሽቦ ነው፣ ደህና እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም። ጠንቀቅ የሚባለው ኢንዳክሽን ምድጃ ነው፣ እሱ በማግኔት ስለሚሠራ ደረታችሁን 60 ሴንቲሜትር ያህል አርቁ። ብየዳ የምትሠሩ ካላችሁ ግን ዝም ብላችሁ አትመለሱ፣ መጀመሪያ ሐኪም። ሴቶች ደግሞ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት 25 ፓውንድ የጤፍ ከረጢት ማንሳት፣ ቡና መውቀጥ፣ ሊጥ በዛ እጅ ማቡካት፣ ልጅ ማዘል ይቅር። ባሎች፣ ሰምታችኋል? ደግሜ ልበለው? ሰምታችኋል?

ስግደት። ስቅለት የዋለው በአምስተኛው ሳምንቴ ነው። ሁሉ ሰው ሲወድቅ ሲነሳ እኔ ግድግዳ ተደግፌ ቆሜ እንባዬ ይወርዳል። ስትሰግድ ተነስተህ የምትቆመው በእጅህ መሬቱን ገፍተህ ነው፣ ያ ደግሞ ገና የተከለከለ ነው። የነፍስ አባቴ አይተውኝ መጡና ጆሮዬ ላይ "ዘንድሮ ልብህ ብቻ ይስገድ፣ አዲስ ነው እኮ" አሉኝ። በሚቀጥለው ዓመት ሰግጃለሁ፣ ቁጥሩን አልነግራችሁም።

እስክስታ! ይሄ ነው የሚጠበቀው። ፊዚካል ቴራፒ የምትሠራልኝ ልጅ አሜሪካዊት ናት፣ ምን ማድረግ መቻል ትፈልጋለህ ስትለኝ፣ ልጄን ሌበር ደይ ላይ ነው የምድረው፣ መጨፈር አለብኝ አልኳት። ምን አይነት ዳንስ? በግራ ትከሻዬ አሳየኋት። ቆመች። ስልኳን አውጥታ ቪዲዮ ፈልጋ አየች፣ ከዛ ቢሮው ውስጥ ያሉትን ሁሉ ጠራቻቸው፣ አራት ፈረንጅ ቆሞ የጎጃም እስክስታ ያያል። ቪዲዮውን የልብ ሐኪሜ ጋ ወስጄ አሳየሁት፣ እየሳቀ ሁለቴ አየውና ሽቦዎቹን መርምሮ፣ ከዳንክ በኋላ ጨፍር፣ ሲያምህ አቁም አለኝ። ከዛ ልጅቷ በየሳምንቱ ግድግዳ ላይ ጣቶቼን እንደ ሸረሪት ታስወጣኛለች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁለታችንም እስክስታ። እሷ አሁን ከብዙዎቻችሁ ትሻላለች። ሰርጉ ቀን ትከሻዬ ሙሉ አይደለም፣ ሰባ በመቶ ነው፣ ግን ወረድኩ። አንድ የማታውቁት ልንገራችሁ፣ በብዙዎቹ ማሽኖች ውስጥ እንቅስቃሴ የሚያውቅ ነገር አለ፣ ስትራመድ ምትህን ከፍ ያደርግልሃል። የኔ ላይ በርቷል። ትከሻህን ስታንቀጠቅጥ ማሽኗ እየሮጥክ ነው የምትመስላት! በመጨረሻ ሯጭ ሆንኩ ማለት ነው።

ኤርፖርት ስትሄዱ ፔስሜከር አለው የሚለውን ካርዳችሁን ያዙ፣ መፈተሻው በር ዝም ብላችሁ እለፉ፣ በሩ ውስጥ ግን አትቁሙ፣ የእጅ መፈተሻውንም ደረታችሁ ላይ እንዳይዙት ተናገሩ። ባለፈው ለጥምቀት ስሄድ ቦሌ ላይ ያለችው ልጅ ካርዱን አይታ "አባባ እግዜር ይማርዎ" ብላ ወንበር አመጣችልኝ፣ ሰልፉንም አለፍኩ፣ ጥቅምም አለው። ኤምአርአይ፣ ያ በትልቅ ማግኔት የሚያነሳው ምርመራ፣ ከታዘዘላችሁ ግን ፔስሜከር አለኝ ብላችሁ ቀድማችሁ ተናገሩ፣ የሚፈቀድላቸው ማሽኖች አሉ፣ የማይፈቀድላቸውም አሉ።

ወንዶች ቡና ላይ ጥግ ይዛችሁ የምትጠይቁኝን ጥያቄ አሁን ልመልሰው፣ ይቻላል። ቁስሉ ሲድን፣ በዛኛው ክንድ ሳትደገፉ። አለቀ፣ እናቶች አፋችሁን አትሸፍኑ።

ባትሪውስ? ሁሉም የሚጠይቀኝ እሱን ነው፣ ድንገት ቢያልቅስ? እንደ ስልክ ድንገት አትጠፋም። ስታረጅ ወራት ቀደም ብላ ትናገራለች፣ እነሱ በየቼክአፑ ያዩታል፣ አልጋዬ አጠገብም ሌሊት መረጃ የምትልክ ሳጥን አለች። እንደየሰዉ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ትሠራለች፣ ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ሽቦዎቹ እዛው ሆነው እቃዋን ብቻ ይቀይራሉ። ዋናው ቼክአፕ አለመዝለል ነው፣ ደህና ነኝ ብላችሁ የምትቀሩ አላችሁ፣ አውቃችኋለሁ፣ ስም አልጠራም።

እኔ ደግሞ ለልጆቼ ተናግሬያለሁ፣ ስሞት አውጥታችሁ ለሚፈልገው ስጡ። ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ከሟች የተወሰዱ ፔስሜከሮችን አጽድተው መርምረው አቅም ለሌላቸው አገሮች በሽተኞች ለማድረስ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። አገር ቤት ይሄ እቃ ዋጋው የማይቻልበት ሰው ስንት ነው? እኔ ኢንሹራንስ ከፍሎልኝ በማግስቱ ቤቴ ገባሁ፣ እዛ እናቴ ሰፈር ምቱ 34 የሆነ ሰው ብርድ ነው ተብሎ የሚቀር አለ። እሱን ሳስብ ዝም ማለት ይሻለኛል።

በሉ ቡናው ሸቷል፣ ሜትሩን ዘጋሁት። ማየት የምትፈልጉ ኑ፣ በሸሚዝ ላይ መንካት ይቻላል፣ ልጆች ሁሉ ነክተዋታል። ሰላም ስትሉኝም በፈለጋችሁት ትከሻ፣ በቀኝም ይሁን በግራ፣ አሁን ችግር የለም። እዚህ ፊት የተቀመጡት ጋሼ ብቻ ቀስ ይበሉልኝ፣ የሳቸው ትከሻ ለጤነኛም ይከብዳል።